ሳጥኖቹ እስኪሞሉ

ጥር 20

ይድረስ ለአባባ፤

ከእርስዎ አስቀድሜ ወገብዎን ልጠይቅ፤ ቀድሞ መልስ የሚሰጠው እሱ ነውና። እንዴት ሰነበተ? ብርዱ አልጠናበትም? እኛ ደህና ነን። ጭራሮ ያሏት ልጄ ሁለተኛውን የፊት ጥርሷን አውልቃለች፤ ስትስቅ መሃሉ የረገፈ የእርስዎን ማበጠሪያ ትመስላለች። «አያቴ አጎንብሶ ጫማውን ማሰር ቻለ ወይ?» ብለሽ ጻፊለት ብላ አዝዛኛለች።

ሥራው እንዴት ነው ላሉኝ፣ ያው ነው። የሆስፒታሉ ስፌት ክፍል ከምድር በታች ስለሆነ ቀኑን ሙሉ መብራት አብርተን አንሶላ እንዘመዝማለን፣ የተቀደደ ጋውን እንጥፋለን። የሰፋሁት አንሶላ ላይ ማን እንደሚተኛ አላውቅም፤ ባላውቅም ይሻለኛል።

አሁን ወደ ጉዳዬ። በታኅሣሥ የጻፍኩልዎትን አልመለሱልኝም። ደብዳቤው መንገድ ላይ ቀረ እንዳልል፣ እዚያው ፖስታ ውስጥ ለነበረው የጭራሮ ሥዕል አመስግነዋታል። ስለዚህ ደግሜ እጽፈዋለሁ፤ እያፈርኩም ቢሆን። የራጅ ክፍሉ ባለሙያ እንዳገባው ጠይቆኛል። ክፉ ሰው አይደለም። ልጄ እቅፉ ውስጥ እንቅልፍ ወስዷት ያውቃል። ልጅዎ፣ ባለቤቴ፣ ከዚያ ጣሪያ ላይ ከወደቀ ሁለት ዓመት አልፎታል። በቀብሩ ማግስት «ከእንግዲህ ምራቴ አይደለሽም፣ ልጄ ነሽ» ብለውኝ ነበር። እኔም እንደ ልጅነቴ ያለ አባቴ ቃል አላገባም ብዬዋለሁ። ቃልዎን እየጠበቅኩ ነው።

ግቢው ውስጥ ያሉትን የአትክልት ሳጥኖች በምን ልሙላቸው ብለው አማክረውኛል። ከወጥ ቤቱ ጀርባ የተደረደሩት ጆንያዎች እኮ ደርሰዋል። ልጅዎ በመጨረሻው ዓመት ጠርጎ ያሰራቸውን ቅጠሎች ማለቴ ነው። «ሁለት ዓመት ይተኙ፣ ከዚያ አፈር ይሆናሉ» ሲል ሰምተውታል። ይፍቷቸውና ይጠቀሙባቸው አባባ። ለዚያ ነው የጠረጋቸው።

ልጅዎ


የካቲት 6

ለልጄ፤

ወገቤ ሰላምታሽን ተቀብሏል። ተሻለኝ ብለህ ጻፍላት አለኝ፤ ውሸቱን ነው። ለጭራሮዬ ጫማ ማሰሩን እንደተውኩት ንገሪያት። ማሰሪያ የሌለው ገዝቻለሁ። ከማጎንበስ መገላገል ነው።

ሳጥኖቹን ልሞላ ቆርጫለሁ። አራት ሳጥን ሠርቶ ባዶአቸውን ጥሎኝ ሄደ። ትዝ ይልሻል? ሆስፒታል ወገቤን ከተቀደድኩ በኋላ «አባዬ፣ አንተ ወደ መሬት መውረድ ካቃተህ መሬቱን ወደ አንተ አወጣዋለሁ» ብሎ ግድግዳ አስደግፎ እስከ ቀበቶዬ ለካኝ። ያን የሚያህል ሳጥን በአፈር ልሙላ ብትይ የመኪና ጭነት አይበቃውም፤ ለዚህ ነው በቅጠል ይሞላል ያለው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በየጥጉና በየአጥሩ ሥር የተከማቸውን እጠርጋለሁ። ዕድሜ ልኬን የሰው ጸጉር ጠርጌ አሁን ደግሞ የዛፍ ያዝኩ። ዛፍ ይሻላል፤ «ጎን ጎኑን አሳጠርክብኝ» ብሎ መስታወት ላይ አይጣበቅም። ጎረቤታችን ጡረተኛው ሾፌር በመስኮቱ እያየኝ ይስቃል። የመጀመሪያውን ሳጥን አፉ ድረስ ሞልቼ፣ በአካፋ ደልድዬ፣ ደረቴን ነፍቼ ቤት ገባሁ። ከዚያ ዘነበ። ሳምንት ሳይሞላ ወጥቼ ባየው እስከ ክርኔ ሰምጧል። ሌባ የገባ ነበር የመሰለኝ።

ጆንያዎቹን አልፈታም። የእሱ እጅ ያሰረውን የእኔ እጅ አይፈታውም። ሌላ ቅጠል ሞልቶ ተርፏል።

መሃል ላይ የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። በታኅሣሥም አንብቤዋለሁ። እንዲህ ያለ ነገር እጄን አጣጥፌ ተቀምጬ ማሰብ አይሆንልኝም፤ ሱቅ እያለሁም እጄ መቀስ ሲይዝ ነበር ጭንቅላቴ የሚሠራው። ስለዚህ ጊዜ ስጪኝ። አራቱም ሳጥኖች ሞልተው የማያቸው ቀን ቃሌን ጽፌ እልክልሻለሁ። እንዲህ ካልሆነ መጨረሻ የለውም።

አባትሽ


የካቲት 29

ይድረስ ለአባባ፤

እሺ። ይሙሏቸው፣ እጠብቃለሁ። ለሰውየውም ነግሬዋለሁ። «በቅጠል?» አለኝ። «አዎ፣ በቅጠል» አልኩት። ከዚያ «አባትሽን ባገኛቸው ደስ ይለኛል» አለ።

ለጭራሮ በላኩላት ካርድ ጀርባ በትንንሽ ፊደል የጻፏትን «ልጅቷ ሰውየውን ምን ትለዋለች? ቁመቱስ?» የምትል ጥያቄ አይቻታለሁ። እሷ እንዳታነበው ብለው ከሆነ አሁን ማንበብ ትችላለች፤ ጮክ ብላ ነው ያነበበችልኝ። «ጋሼ» ነው የምትለው። «አባባ» ብላው አታውቅም፣ እኔም በይው አላልኳትም። ቁመቱ ደግሞ ከልጅዎ ያጥራል። ይህን ሲያነቡ ደስ እንደሚልዎ ስለማውቅ አልደበቅኩዎትም።

ለቅጠሉ የሚሆን ምክር ልስጥዎ፤ ልጅዎ ሲያወራ እየሰማሁ የያዝኩት ነው። ደረቁን ብቻ አይከምሩት፣ ውሃ ያርከፍክፉበት። በአካፋ ይከታትፉት። የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ መሃል መሃል ላይ ይጨምሩ። አልፎ አልፎም ያገላብጡት፤ ግን እርስዎ አያገላብጡት፤ ሾፌሩን ይለምኑ። ሐኪሞች ወገብዎን ደግመው እንዲቀድዱት አልፈልግም።

ከስፌት ክፍሉ ጓደኞቼ የተረፈ የሹራብ ክር አጠራቅሜ ሹራብ ጀምሬልዎታለሁ። ቀለሙ ብዙ ነው፤ አይሳቁበት።

ልጅዎ


ሚያዝያ 11

ለልጄ፤

በመዘግየቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሹራቡ ልክ ነው። እጅጌው ብቻ ረዝሟል፤ ወይም እኔ አጥሬያለሁ። ሾፌሩ «የየት አገር ባንዲራ ነው?» አለኝ፣ እኔም የልጄ አገር ነው አልኩት።

ያልሽኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። ውሃውን አርከፈከፍኩ፣ ልጣጩን ጨመርኩ፤ የሾፌሩ ሚስት የእሷንም በባልዲ ታቀብለኛለች። ውስጡ ይሞቃል። እጄን ስከትበት ትኩሳት የያዘው ልጅ ግንባር ይመስለኛል፤ እሱ ትንሽ ሆኖ ሲታመም እንደዚያ ነበር። ግን ሦስተኛውን ሞላሁ ስል አንደኛው ይጎድላል፣ አንደኛውን ስል ሁለተኛው። የአራተኛው ሆዱ ገና ባዶ ነው። በመንገዱ ላይ የቀረ ቅጠል የለም፤ አሁን ከወንዙ ማዶ በጋሪ አስመጣለሁ።

ትዕግሥቴ አልቆ አንደኛው ላይ ሰላጣ ዘራሁ። በቀለ። ደስ ብሎኝ ሾፌሩን ጠርቼ አሳየሁት። ከዚያ ቢጫ እየሆነ ሄደና እዚያው ባለበት ቀረ፤ አይሞትም፣ አያድግም። «ያልበሰበሰ ቅጠል የተክሉን ምግብ ራሱ ይሻማዋል፤ ሁለት ጋሪ አፈር ላምጣልህ» አለኝ። እንቢ አልኩት። ልጄ በቅጠል ነው ያለው፣ በቅጠል ይሞላል።

አንቺም አትቸኩዪ። ሁለት ዓመት አለፈው ብለሻል። ለአንቺ ሁለት ዓመት ነው፤ ለእኔ ትናንት ነው። ጠዋት በሩ ሲንኳኳ ዛሬም መዶሻውን ረስቶ የተመለሰ ይመስለኛል። በአንቺ ተቆጥቼ አይደለም። ተቆጥቼም ነው። አሁን ሳስበው ለምን ይህን እንደጻፍኩት አላውቅም፤ ግን አልሰርዘውም።

ሳጥኖቹ አልሞሉም። ያልኩትን ብያለሁ።

አባትሽ


ግንቦት 8

አባባ፤

ጤናዎን ሳልጠይቅ ስለጀመርኩ ይቅር ይበሉኝ። መጀመሪያ ይህን ካልጻፍኩት ድፍረቱ ይጠፋብኛል።

ሳጥኖቹ አይሞሉም። እርስዎም ያውቁታል። ቅጠል ሲበሰብስ ያንሳል፤ ሥራው ይኸው ነው። እሱ የእርስዎን ወገብ ለካ እንጂ ቅጠሉን አልለካም። ጎበዝ አናጢ ነበር፤ አትክልተኛ ግን አልነበረም። ያን ሁሉ ጣውላ ልጎ፣ ጠርዙን በውሃ ልክ ለክቶ፣ ማዕዘኑን እንደ ቁም ሣጥን ገጥሞ፣ መጨረሻ ላይ የማይሞላ ነገር ሠራ። ይህን ሳስብ ማሽኔ ላይ ሆኜ እስቃለሁ፤ ከዚያ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብቼ አለቅሳለሁ። እርስዎ ግን የማይሞላ መሆኑን እያዩ እስኪሞላ ጠብቂ አሉኝ። ይህ ከእርስዎ ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም።

«ለእኔ ትናንት ነው» ላሉት፣ ለእኔም ትናንት ነው። ጆንያዎቹ የእርስዎ ብቻ አይደሉም። እሱ ሲያስር አፋቸውን ይዤ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ጭራሮ ቅጠሉ ውስጥ ትንከባለል ነበር። እጄ በርዶኝ «ኧረ ቶሎ በል» ስለው እያወቀ ይንቀራፈፋል፤ ከዚያ ሳይጨርስ እጄን አፉ ላይ አድርጎ እፍ ይልልኛል። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ስለዚህ ቸኮልሽ አይበሉኝ።

የራጁ ባለሙያ በሰኔ መጨረሻ ወደ ሌላ ከተማ ይዛወራል። አብረን እንሂድ ብሎኛል። ቤት አግኝቷል፤ ለጭራሮ መስኮት ያለው ክፍል አለው። ያለ እርስዎ ቃል ብሄድ ማንም እንደማያስረኝ አውቃለሁ። ግን አልችልበትም። ሌላ አባት የለኝም። ተደብቄ የወጣሁ ሰው ሆኜ ኑሮ መጀመር አልፈልግም። እንቢ ካሉ እንቢ ይበሉኝ፤ ተናድጄም ቢሆን እሰማዎታለሁ። ዝምታውን ግን ምን ላድርገው?

እስከ ሰኔ መጨረሻ እጠብቃለሁ። ሐኪሙ ያዘዘልዎትን መድኃኒት አያቋርጡ።

ልጅዎ


ሰኔ 12

ልጄ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እዚህ ዝናብ ነው። ወገቤ ተነስቶብኝ ተኝቼ ነበር። ሹራቡን ለብሼዋለሁ። ሳጥኖቹ ጋ ከሄድኩ ቆየሁ።

እጽፍልሻለሁ።

አባትሽ


ሐምሌ 6

ልጄ፤

ፈታኋቸው።

ዛሬ እፈታለሁ ብዬ አልነበረም የተነሳሁት። የወጥ ቤቱን መስኮት ልከፍት ዞሬ፣ እዚያው ቀረሁ። ጆንያው ራሱ በስብሷል፤ አንዱን ላነሳው ስል ከታች ተዘረገፈ። ገመዱ ግን እንዳለ ነው። አስተሳሰሩን ታውቂዋለሽ፤ ልጄ ጥርሱን ነክሶ ነበር የሚያስረው። ሾፌሩ በአጥሩ ላይ ቢላ አቀበለኝ፣ እንቢ አልኩት። የማበጠሪያዬን ጭራ እያስገባሁ አንድ በአንድ ፈታሁ። ጥፍሬ ተላጠ።

ውስጡ ጥቁር ነው። አንድም ቅጠል የሚመስል ነገር የለውም። ዝናብ ያባራበት ጫካ ይሸታል። በጣቶቼ መሃል ሲያልፍ አንዳች ድምፅ የለውም፤ ስንት የሕፃን ጸጉር ነክቻለሁ፣ እንዲህ የለሰለሰ ነገር ግን ነክቼ አላውቅም። ሁሉንም አንድ ሳጥን ውስጥ ገለበጥኩት። ያን ሁሉ ጆንያ! እናንተ ወሩን ሙሉ የጠረጋችሁትን፣ እናንተ ከሄዳችሁ በኋላም በጎን እየሾለክሁ የማልፈውን ክምር! ምን ያህል የሞላ ይመስልሻል? አንድ ስንዝር። ከሥሩ አንድ ስንዝር። ቆሜ አየሁት። «ይኸው ነው?» አልኩ ጮክ ብዬ። ሾፌሩ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። እኔም ባልዲውን ገልብጬ ተቀመጥኩና በቀብሩ ቀን ያላለቀስኩትን አለቀስኩ።

እውነትሽን ነው፣ አውቅ ነበር። የመጀመሪያው ዝናብ የዘነበ ጊዜ ነው ያወቅኩት። ግን አንቺ ካገባሽ እሱ ያን ጊዜ የሚሞት መሰለኝ። ሳጥኑ እስካልሞላ ድረስ ሥራው አላለቀም፤ ሥራው ካላለቀ ደግሞ የሄደው እንጨት ሊገዛ ነው። እንዲህ እያልኩ ነበር የምኖረው። አንቺን በዚህ ሂሳብ ውስጥ አስቀምጬ ረሳሁሽ። ልጄ ነሽ ብዬሽ እንደ ዕቃው ያዝኩሽ። ይህ በጣም ያሳፍረኛል።

ቃሌ ይኸው። አግቢው። እግዚአብሔር ቤትሽን ያሙቅልሽ፣ የምትስቂበትን ቀን ያብዛልሽ፣ ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ጎጆሽ የሐዘን ደጅ አይሁን። ከእኔ ቤት ግን አትውጪ። ሦስታችሁም ኑ። የራጅ ሰው ነው ብለሻል፤ ወገቤን ቢያየው አልጠላም፣ ያውም በነጻ።

ሰኔ ማለፉን አውቃለሁ። ጥቂት ቀን ነው። ለጥቂት ቀን ሰው አይጨክንም ብዬ ነው።

አባትሽ


ሐምሌ 15

አባባ፤

ደብዳቤዎን በምሳ ሰዓት ከማሽኔ ሳልነሳ አነበብኩት። ምርቃቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አሜን ብያለሁ። ተመርቄ ቀረሁ ማለት ነው፤ እሱም አይከፋም።

ሄዷል። ሻንጣውን ይዞ እስከ ስፌት ክፍሉ ድረስ ወረደ። «አባቴ አልመለሱልኝም፣ አልመጣም» አልኩት። «ልጠብቅሽ?» አለኝ። እስከ መቼ ልበለው? ሳጥን እስኪሞላ? አንድ ጊዜ ብዬዋለሁ፤ ሁለተኛ እንደዚያ ብዬ ሰው ፊት መቆም አልቻልኩም። «አትጠብቀኝ» አልኩት። ሠራተኞቹ ሁሉ ማሽናቸውን አቁመው እያዩን ነበር። እጄን ጨብጦ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አልጻፈም፣ እኔም አልጻፍኩም። ምን ብዬ ልጻፍ?

የራጅ ክፍሉን አሁን አንዲት ወጣት ይዛዋለች። ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ቀና እላለሁ፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ጭራሮ «ጋሼ ለምን ቀረ?» ትለኛለች። ሥራ በዝቶበት ነው እላታለሁ። አታምነኝም። ጥርሷ በቅሏል፣ እንደ ድሮው በቀላሉ አትታለልም።

ይቅርታ እንዳይጠይቁኝ። እኔም ጨክኜ መሄድ እችል ነበር። ተቀይሜዎታለሁ አልልም፤ አልተቀየምኩም ብልም ውሸት ነው። ለጊዜው ብዕር አላነሳ ይሆናልና ፖስታ ቤት እየተመላለሱ ወገብዎን አይጉዱት።

ያችን አንድ ስንዝር አፈር አያባክኗት። ደህና ነገር ይዝሩባት።

ልጅዎ


ኅዳር 3

ልጄ፤

ዝም ብለሻል፣ መብትሽ ነው። እኔ ግን አትጻፍ አልተባልኩም። ይቅርታ አልጠይቅሽም፤ ከልክለሽኛል። ስለዚህ ወሬ ብቻ ልንገርሽ።

የሾፌሩን አፈር ተቀበልኩ። ልጄ ባስቀመጠው ብስባሽ ላይ ደባልቄ አንዱን ሳጥን ሞላሁት፣ ቆስጣ ዘራሁበት። ቅጠሉ ፊቴን ያህላል። በልቼ አልጨርሰው ብል ለሾፌሩ ሚስት በእቅፍ እየሰጠኋት ነው፤ እሷም ሰልችቷት ስታየኝ በር መዝጋት ጀምራለች። ሦስቱን ሳጥኖች ሾፌሩ ላይ ላዩን ጣውላ እያወለቀ ዝቅ አደረገልኝ። ከተረፈው እንጨት አግዳሚ ወንበር ሠራ። አንድ እግሩ አጥሮ ይነቃነቃል፤ ልጄ ቢያየው ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። አሁን ተቀምጬ እደርስባቸዋለሁ። ካልቆምኩ ብዬ ሙጥኝ ያልኩት እኔው ነኝ እንጂ መቀመጥም ይቻል ኖሯል። እሱ እንደሠራው የተውኩት ያንን አንዱን ብቻ ነው።

ቅጠል እንደገና እየረገፈ ነው። እጠርጋለሁ። ጆንያዎቹን ግን አፋቸውን አላስርም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። የሰውየውን አድራሻ ላኪልኝ። አንቺ አትጻፊለት፤ እንቢ ያልሽው በእኔ ምክንያት ነው፣ የሚጽፈው እኔ ነኝ። ሌላ አግብቶ ከሆነ እንኳን ደስ ያለህ እለዋለሁ። ካላገባም ጥፋቱ የማን እንደሆነ እነግረዋለሁ። ያኔም እንቢ ካለ፣ ቢያንስ አንቺ እንዳልናቅሽው ያውቃል። ዕድሜዬን ሙሉ ጸጉር ሳስተካክል ነው የኖርኩት፤ ከማላውቀው ሰው ጋር ወሬ መጀመር አያቅተኝም።

እንዲያውም ዛሬ ጠዋት ወረቀት ዘርግቼ «ይድረስ ለ» ብዬ ጀምሬ ነበር። እዚያው ላይ ቆምኩ። ይህን ሁሉ ወር ስጽፍልሽ፣ ቁመቱን ጠየቅኩሽ፣ ልጅቷ ምን እንደምትለው ጠየቅኩሽ። ስሙን አንድም ቀን ጠይቄሽ አላውቅም።

ስሙ ማን ነው?

አባትሽ